ቀብዱ የማን ነው?

 

ከጥቂት ወራት በፊት መራዊ ላይ የጁሙዓን ሶላት ሰግደን ስንወጣ አንድ ወጣት እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ኡስታዝ፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ግን አጭር አይደለችም» አለኝ። ከመስጊዱ አጥር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስልኩን አወጣና የባንክ ደረሰኝ አሳየኝ፤ 60,000 ብር ይላል። «ይህ ገንዘብ የኛ ነው ወይስ የኛ አይደለም? አንዱ የናንተ ነው ይለናል፣ ሌላው ቀብድ ነውና ረስታችሁ ተዉት ይለናል» አለ።

የዛሬው ትምህርታችን የዚህች ጥያቄ መልስ ነው። የልጁንም የሌሎቹንም ስም አልጠቅስም። ታሪኩን ግን ሌሎች ይማሩበት ብሎ ፈቅዶልኛል።

ነገሩ እንዴት ሆነ?

ሦስት ጓደኛሞች ናቸው። በቆጋ መስኖ በቤተሰብ መሬት ሽንኩርትና ድንች እያመረቱ ገንዘብ አጠራቅመዋል። መራዊ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና ጣና ለልጆቹ ሩቅ አይደለም። ያገለገለ ሞተር ጀልባ ገዝተው አሣ ለማስገር፣ ሲሆንላቸውም ዕቃ ለማመላለስ አሰቡ። ሐላል ሐሳብ ነው፤ አላህ ይባርክላቸው።

በሰው በሰው አንድ ደላላ አገኙ። ጀልባውን በቪዲዮ አሳያቸው። ዋጋው 420,000 ብር ተባለ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቃት ቃል መጣች፦ «ሌላ ገዢ ከጎርጎራ እየመጣ ነው፤ ዛሬ ቀብድ ካላስያዛችሁ ያመልጣችኋል።» ልጆቹ እያንዳንዳቸው 20,000 አዋጡና 60,000 ብር በደላላው ሒሳብ ቁጥር አስገቡ። የተጻፈ ውል የለም። ያለው ደረሰኙና ደላላው የላከው አንድ የድምፅ መልእክት ነው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጀልባው በስማቸው እንደሚዞር ይናገራል።

ቀኑ ደረሰ። መንገድ ተዘግቶ ጥቂት ቀን ዘገዩ፤ ደውለውም አሳወቁ። ባሕር ዳር ሲደርሱ ጀልባው አለ፣ ሞተሩም ይሠራል፣ ባለቤቱም ሰላምተኛ ሰው ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። ጀልባው የሁለት ወንድማማቾች ነው። ታናሽየው «እኔን ማን ጠየቀኝ? ድርሻዬን አልሸጥም» አለ። ታላቅየው ሊያግባባው ሞከረ፤ አልሆነም። ሽያጩ ፈረሰ።

ልጆቹ ገንዘባቸውን ጠየቁ። ባለቤቱ የደረሰው 50,000 ብር ብቻ እንደሆነ ተናገረ። 10,000 ደላላው «የልፋቴ ነው» ብሎ አስቀርቶታል። ደላላውን ሲጠይቁት መልሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ቀብድ አይመለስም። አገር ያወቀው ነው።»

እኔን ያሳሰበኝ ይህ ዐረፍተ ነገር ነው። ፍኖተ ሰላም በርበሬ ሲሸጥ፣ ቡሬ ላይ በቆሎ ሲጫን፣ መራዊ ላይ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ፣ ቤት ሲከራይ፣ ባጃጅ ሲገዛ ይህንኑ ቃል እንሰማለን። ብዙ ሰው ሲናገረው ስለሰማን ሕግ ይመስለናል፤ ዲን የሚመስለውም አለ። እስቲ አንድ በአንድ እንመልከተው።

ቀብድ በሸሪዓ

ዑለማዎች ቀብድን «ዐርቡን» ይሉታል። ገዢው ከዋጋው ጥቂቱን አስቀድሞ ይሰጣል። ዕቃውን ከገዛ ከዋጋው ይታሰብለታል፤ ከተወው ግን የሰጠው ገንዘብ ለሻጩ ይቀራል። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ ውስጥ በምሳሌ ያስረዱት እንደዚህ ነው፤ ሰውየው እንስሳ ይከራይና አንድ ዲናር አስቀድሞ ይሰጣል፣ ብተወው ላንተ ይሁን ይላል።

ይህ ስምምነት ይፈቀዳል ወይ? ዑለማዎች ተለያይተዋል።

ሐነፊያ፣ ማሊኪያና ሻፊዒያ አብዛኞቹ አይፈቀድም አሉ። ማስረጃቸው ዐምር ኢብኑ ሹዐይብ ከአባቱ፣ እሱም ከአያቱ ያስተላለፈው ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዐርቡንን ሽያጭ እንደከለከሉ ይናገራል። ሁለተኛው ምክንያታቸው ሻጩ ምንም ሳይሰጥ የሰው ገንዘብ ይወስዳል የሚል ነው። በነሱ መንገድ ገዢው ራሱ ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ ቀብዱ ይመለስለታል።

ኢማሙ አሕመድ ግን ፈቀዱ። የሐዲሱን ሰነድ ደካማ ነው ብለዋል። ማስረጃ ያደረጉት በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የሆነውን ነው። በመካ የዑመር ሹም የነበረው ናፊዕ ኢብኑ ዐብዱልሓሪስ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት ከሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ገዛ። ስምምነቱ ዑመር ከወደዱት ሽያጩ ይጸናል፣ ካልወደዱት ለሶፍዋን 400 ይሰጠዋል የሚል ነበር። ሻጩ ዕቃውን ለአንድ ሰው ይዞ ሲጠብቅ ሌላ ገዢ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ለጥበቃው የሚቀርለት ነገር ቢኖር ዙልም አይደለም ይላሉ።

በዘመናችን የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ በ8ኛው ጉባኤው አይቶታል። የመጠበቂያው ጊዜ ተወስኖ ከታወቀ ይፈቀዳል ሲል ወስኗል። ሽያጩ ከተፈጸመ ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል። ገዢው ራሱ ከተወው ለሻጩ ይቀራል።

አሁን ልብ በሉልኝ። በዑለማዎች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ገዢው ሲተወው። ሻጩ ማቅረብ ሲያቅተው፣ ዕቃው የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም ሻጩ ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱን ይብላው ያለ መዝሀብ የለም። የሰፊዎቹም የጠባቦቹም መልስ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ይመለሳል።

«ቀብድ አይመለስም» የምትለው ቃል እንግዲህ ግማሿ ተቆርጣ የቀረች ቃል ናት። ሙሉዋ እንዲህ መሆን ነበረባት፦ ገዢው በራሱ ፈቃድ ከተወው፣ ያንንም አስቀድመው ከተስማሙበት፣ በአንዳንድ ዑለማዎች አቋም ቀብድ አይመለስም። ግማሹን ቆርጦ የሚናገር ሰው ትርፉን ከዚያች ከተቆረጠችው ግማሽ ያገኛል።

የጀልባው ጉዳይ

ልጆቹ አልተዉም። ቀኑን ጠብቀዋል፤ መንገድ ሲዘጋ ደውለው አሳውቀዋል፤ የቀረውን ገንዘብም ይዘው ሄደዋል። ሽያጩ የፈረሰው የጀልባው ግማሽ ባለቤት ስላልፈቀደ ነው።

የሌላን ሰው ንብረት ያለ ፈቃዱ መሸጥን ፉቀሃዎች «በይዑል ፉዱሊ» ይሉታል። ሐነፊያና ማሊኪያ ሽያጩ ባለቤቱ እስኪፈቅድ ይንጠለጠላል አሉ፤ ከፈቀደ ይጸናል፣ ካልፈቀደ ይወድቃል። በሻፊዒያ ዘንድ በታወቀው አቋም ከመጀመሪያውም አይጸናም። የትኛውንም ብንይዝ ታናሽየው እምቢ ካለ በኋላ የሱ ድርሻ አልተሸጠም። ታላቅየው የራሱን ግማሽ መሸጥ ይችላል፤ ልጆቹ ግን የተስማሙት ሙሉ ጀልባ ሊገዙ ነው። ግማሽ ጀልባ ግዙ ብሎ የሚያስገድዳቸው የለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሐኪም ኢብኑ ሒዛም በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ ነግረውታል። ሐዲሱን አቡ ዳዉድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። ስንቱ የገበያ ጠብ ከዚህች አንዲት ምክር መጣስ እንደሚጀምር አስቡት።

ሱረቱ-ን-ኒሳእ 29ኛዋ አንቀጽ ያመኑ ሰዎች በመካከላቸው ገንዘብ ያለ አግባብ እንዳይበላሉ ከልክላ፣ በመዋደድ የሚደረግን ንግድ ለይታ ትፈቅዳለች። 60,000 ብሩ ከልጆቹ እጅ የወጣው ጀልባ ሊገዙበት በመዋደድ ነው። ጀልባው ሲቀር መዋደዱም ቀረ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ይዞ መቆየት በምን ይፈቀዳል?

ደላላውስ?

ወጣቶች ደላላ ሁሉ ሌባ ነው ስትሉ እሰማለሁ። ይህ ፍርድ አይደለም። ድለላ ሐላል ሥራ ነው። ኢማሙ ቡኻሪ በሶሒሓቸው ለደላላ ክፍያ ለብቻው ባብ ከፍተው፣ እነ ኢብኑ ሲሪንና ዐጧእ ምንም ችግር እንዳላዩበት ጠቅሰዋል። ሶሓባው ቀይስ ኢብኑ አቢ ገረዛህ እንደተረከው እነሱ «ሰማሲራ»፣ ማለትም ደላሎች ይባሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጠገባቸው ሲያልፉ ከዚያ የተሻለ ስም ሰጥተው ነጋዴዎች ብለው ጠሯቸው። ግብይት ላይ ከንቱ ወሬና መሓላ ስለሚገባበትም በሶደቃ እንዲያጠሩት መከሯቸው። በመጀመሪያ ስማቸውን አከበሩላቸው፣ ከዚያ የሥራቸውን በሽታ ነገሯቸው። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» የምትለዋ ውሸትም የዚያ በሽታ አንዷ መልክ ናት።

ደላላው በእጁ የገባው ገንዘብ አማና ነው። በእሱ ጥፋት ሳይሆን ቢጠፋ አይጠየቅም፤ ካጠፋው፣ ወይም ያለ ፈቃድ ከነካው ግን ይጠየቃል። ከልጆቹ 60,000 ተቀብሎ ለባለቤቱ 50,000 ሲሰጥ ለማንም አልነገረም። አማና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቆረስም።

«ልፋቴስ?» ይላል። ልፋት አለው፤ አልክድም። ግን የደላላ ክፍያ በአገራችን ልማድ ሽያጩ ሲፈጸም የሚገኝ ነው። ፉቀሃዎች እንዲህ ያለውን «ጁዓላ» ይሉታል፤ የጠፋ ግመል ላገኘ ሽልማት እንደ መስጠት ነው። ግመሉን ያላመጣ ሽልማቱን አይጠይቅም። ሽያጩ ቢፈርስም የመመላለሻ ይከፈለኝ የሚል ደላላ ካለ አስቀድሞ ይናገር፤ ከተስማሙበት መብቱ ነው። ሳይናገር መቁረስ ግን መብት አይሆንም። በዚህ ላይ ጀልባው የሁለት ሰው መሆኑን ማጣራት የሱ ሥራ ነበር።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

ይህንን ማወቅ ይጠቅማችኋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ በቁጥር 1883፣ 1884 እና 1885 ይደነግጋል። የመጀመሪያው ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ሁለተኛው ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዕዳው ይቀነሳል ይላል። ሦስተኛው ሁለት ወገን አለው፦ ተዋዋዮቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ሰው ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ ይከፍላል።

ደላላው «አገር ያወቀው ነው» ያለው የ1885ን ግማሽ ነው። ሁለተኛዋን ግማሽ አገር አያውቃትም፤ ወይም የሚያውቃት ሰው አይናገራትም።

እዚህ ላይ ልጁ ዓይኑ በራ። «ኡስታዝ፣ ታዲያ 120,000 እንጠይቅ?» አለ። ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄው የሚሳቅበት አይደለም። ሕጉ ለናንተ የሚፈርደው ሁሉ በአላህ ፊት ሐላል ይሆናል ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከተሟጋቾች አንዱ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ቢያሸንፍና የወንድሙን ሐቅ ቢፈረድለት የተቆረጠለት የእሳት ቁራጭ እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያስተላለፈችው ሐዲስ ነው፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እሳቸው ራሳቸው የፈረዱት እንኳ ውሸቱን ሐላል ካላደረገው የኛ ፍርድ ቤት እንዴት ያደርገዋል?

ስለ ካሳ የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ተነጋግሯል። በዕዳ ላይ ካልሆነ በቀር በውል ላይ የቅጣት ክፍያ መስማማት እንደሚቻል፣ ካሳውም በትክክል የደረሰን ጉዳት የሚመለከት እንደሆነ ወስኗል። ጉዳት እንዳልደረሰ ከተረጋገጠ ቅጣቱ አይሠራም። ከዚህ ተነሥቼ ለልጁ የነገርኩት ይህንን ነው፦ 60,000 ብሩ ሐቃችሁ ነው፤ ሙሉውን ጠይቁ። ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያ፣ በዚህ ሰበብ በትክክል ያወጣችሁትንም መጠየቅ ትችላላችሁ። ሕግ ስለፈቀደ ብቻ ግን ያልከሰራችሁትን 60,000 አትውሰዱ። ለልባችሁም ለዲናችሁም የሚሻለው ይህ ነው።

ሐቅን እንዴት እንጠይቅ?

ልጆቹ ተናደው ነበር። አንደኛው የደላላውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ሊለጥፍ አስቦ ነበር። ሌላኛው «ጀልባዋን ጎማችን ላይ ጭነን እንመጣለን» ብሏል። ንዴታቸው ይገባኛል፤ የላባቸው ገንዘብ ነው። ግን ሐቅ ያለው ሰው በዙልም ከጠየቀ ሐቁን ራሱ ያበላሸዋል። ስለዚህ በቅደም ተከተል አስቀመጥንላቸው።

አንደኛ፣ ማስረጃ ሰብስቡ። የባንክ ደረሰኝ፣ የድምፅ መልእክት፣ የጽሑፍ ንግግር፣ በቴሌብር ከላካችሁም የዝውውሩ መረጃ። አትደምስሱ፣ አትቀይሩ፣ አትጨምሩ። ስትናገሩም የጎዳችሁን ብቻ ሳይሆን የሚጎዳችሁንም እውነት ተናገሩ፤ ጥቂት ቀን መዘግየታችሁንም ጭምር።

ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ለዩ። ባለቤቱ የተቀበለው 50,000 ነው፤ ያልተቀበለውን 10,000 አጭበረበርክ ብላችሁ አትክሰሱት። ደላላው 10,000 ቆርሷል፤ 60,000 በላ አትበሉ።

ሦስተኛ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀንም ቁረጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብላችሁ መብት ከመጠየቃችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ እንድትሰጡት ይጠይቃል። በአክብሮት የተጻፈ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ይህን ያህል ሰጠን፣ ሽያጩ በዚህ ምክንያት ቀረ፣ እስከዚህ ቀን እንዲመለስልን እንጠይቃለን።

አራተኛ፣ ሽማግሌ። ሁለቱም ወገን የሚያምናቸውን ምረጡ። ሽማግሌ ሲያዝ «እንዲያው ግማሹን ተዉለት» ማለት ይወዳል። መተው የምትፈልጉ ከሆነ በደስታ ተዉ፤ ይሉኝታ ይዟችሁ ግን አትተዉ። በይሉኝታ የተወሰደ ገንዘብ ለወሳጁም አይባረክለትም።

አምስተኛ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት። መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። «ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ?» ብለውኝ ነበር። በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና እነዚህን የመሰሉ የቤተሰብና የግል ጉዳዮች ነው፤ ያም ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ የፈቀደው ይህንን ነው። የጀልባ ቀብድ እዚያ አይታይም። ሐቅን በመደበኛው ፍርድ ቤት መጠየቅ ነውርም ኃጢአትም አይደለም።

ነገሩ እንዴት አለቀ?

የጀልባው ባለቤት ክርስቲያን ነው። ደላላው ከኛው ወገን ነው። ይህንን የምናገረው ለምን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

ልጆቹ በትሕትና ሄደው ጽሑፋቸውን ለባለቤቱ ሰጡት። አነበበው፤ ትንሽ ዝም አለና «ልጆቼ፣ ወንድሜን ሳልጠይቅ ገንዘብ መቀበል አልነበረብኝም። ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው። 30,000 ያኔውኑ ላከ። 20,000 ለሞተሩ እቃ አውጥቶት ስለነበር ሁለት ወር ለመናቸው። ሱረቱል-በቀራህ 280ኛዋ አንቀጽ የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ እንዲጠበቅ ታዛለች፤ ልጆቹም ጠበቁት። ሁለት ወሩ ሳይሞላ ጨረሰ። መጓጓዣችሁን ልክፈል ሲላቸው እነሱ ተዉለት።

ደላላው ግን ዛሬ ነገ ይል ጀመር። አለኝ ይላል፣ አይሰጥም። ሁለተኛ ስልክ ገዝቷል፤ ከሶላት ሰልፍም አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያለው ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ ዙልም እንደሆነ ተናግረዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ ቀን የሱ ታላቅ ወንድም በተገኘበት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔም ነበርኩ። የተናገርኩት ጥቂት ነው፦ «ጋሼ፣ ይህ ሰውዬ የናንተን ዲን የሚያውቀው ከኪታብ አይደለም፤ ከእርስዎ ነው። እሱ 50,000 መለሰ። እርስዎ በ10,000 ምን እያስተማሩት ነው?» ዝም አለ። በሦስት ጊዜ ከፍሎ ጨረሰ። አላህ ተውበቱን ይቀበለው። እኛንም ከሰው ዓይን የወደቀ ምስክር ከመሆን ይጠብቀን።

የኔው ቀብድ

ይህንን ሁሉ ስጽፍ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያገለገለ ላፕቶፕ ለአንድ ተማሪ ልሸጥ ተስማማን፤ 1,000 ብር ቀብድ ሰጠኝ። በሳምንቱ መጥቶ እናቱ ታማ ገንዘቡ ለሕክምና እንደዋለ ነገረኝና ቀብዱን እንድመልስለት ለመነኝ። እኔም የሰማሁትን ደገምኩ፦ «ቀብድ አይመለስም።» ላፕቶፑን በሁለተኛው ቀን በዚያው ዋጋ ለሌላ ሸጥኩት። አንዲት ሳንቲም አልከሰርኩም። በ1,000 ብሩ ጫማ ገዛሁ።

ከዓመታት በኋላ ኪታብ ስቀራ «ኢቃላ» የሚለው ባብ ላይ ደረስን። ኢቃላ ማለት በግብይት የተጸጸተን ሰው ከውሉ በፈቃድ መልቀቅ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ አቡ ዳዉድና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊምን ከውሉ የለቀቀ ሰው አላህ መሰናክሉን እንደሚያነሣለት ተናግረዋል። ሸይኻችን ያብራሩ ነበር፤ እኔ ግን የዚያ ልጅ ፊት ነበር የሚታየኝ። እናቱ ታማ የመጣን ልጅ ነው በጫማ የለወጥኩት።

ልጁን በጓደኛ በጓደኛ ፈልጌ አገኘሁት። ገንዘቡን ስልክለት መልሶ ደወለ። «እኔ ረስቼው ነበር» አለ። እናቱን ጠየቅሁት። ዐርፋለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። በአንዳንድ ዑለማዎች አቋም ያ 1,000 ብር ሐራም ላይሆን ይችል ነበር። ያ መልስ ግን ያን ሌሊት አላስተኛኝም። ሰው ሐራም ያልሆነ ነገር ወስዶም ትልቅ ነገር ሊያመልጠው ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱን ለዩ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ሽያጩ በሻጩ ወይም በደላላው ምክንያት ከፈረሰ ቀብድ መመለስ ግዴታ ነው፤ ውለታ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ገዢው ተቸግሮ ከተወው ደግሞ፣ መብታችሁ እንኳ ቢሆን፣ መመለስ ነገ ስትሰናከሉ የሚያነሣችሁን እጅ መፈለግ ነው።

ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊት

በሚቀጥለው ሳምንት ከናንተ አንዱ ቀብድ ሊከፍል ይሆናል። እነዚህን ያዙ፦

ንብረቱን በቪዲዮ ሳይሆን በዓይናችሁ እዩ። ባለቤቱን አግኙ፤ የባለቤትነትና የምዝገባ ወረቀቱን ጠይቁ። «ሌላ ባለ ድርሻ አለ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ጀልባም ይሁን ቤት ወይም ባጃጅ፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ወራሽ ሊኖርበት ይችላል።

ገንዘቡን በባለቤቱ ሒሳብ ቁጥር አስገቡ። ለደላላ የግድ ከሆነ ደላላው ለማን እንደተቀበለ ጽፎ ይፈርም።

ጻፉ። ሱረቱል-በቀራህ 282ኛዋ አንቀጽ በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ናት፤ የምትናገረውም ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ዋጋው ስንት ነው? ቀብዱ ስንት ነው? እስከ መቼ? ገዢው ቢተወው ምን ይሆናል? ሻጩ ቢተወው ምን ይሆናል? ደላላው ስንት፣ መቼ ያገኛል? ስድስት መስመር፣ ሁለት ምስክር። «እንተማመናለን» ለሚላችሁ እንዲህ በሉት፦ የምንጽፈው እንደተማመንን እንድንቆይ ነው።

«ዛሬ ካልሆነ» ሲሏችሁ አንድ ሌሊት እደሩበት። ሪዝቃችሁ ከሆነ ጎርጎራ ያለው ገዢ አይወስድባችሁም።

እናንተም ቀብድ ተቀባይ ስትሆኑ ገንዘቡን ከኪሳችሁ ገንዘብ ለዩት። ነገሩ እስኪያልቅ የሰው ነው።

ሦስቱ ልጆች ዛሬም መራዊ ናቸው። ጀልባ እስካሁን አልገዙም፤ ሌላ እያዩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንደኛው ደውሎ «ኡስታዝ፣ ወረቀቱን ጽፈናል፤ ሳንፈርም አንብበው» አለኝ። ስድስት መስመር ናት። ደስ አለኝ።

በእጃችሁ የማንም ቀብድ ካለ፣ ትንሽም ትሁን፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ከዐስር በፊት ደውሉለት።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። የሰው ሐቅ በአንገታችን ይዘን እሱ ፊት ከመቆም ይጠብቀን። ለአገራችን ሰላም፣ ለመንገዳችን ደኅንነት ይስጠን። ኣሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።